ጣርማ በር ላይ የሚጠፋ ሞተር
ስለ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ሚኒሞ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች፣ ለሹፌሮች፣ ለረዳቶችና ለጋራዥ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ ትስስር ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ርእሶች ናቸው። የዛሬው ርእስ ግን ወረድ ያለና ዘይት የነካው ነው፤ ይኸውም ሚኒሞ ላይ ሲቆም የሚንገጫገጭና ድንገት የሚጠፋ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነው። ርእሱ ለጋራዥ ብቻ የሚተው መስሎ የሚታየው ቢኖር፣ በበልግ ወቅት የሚሆነውን ያስታውስ። በጣርማ በርና በደብረ ሲና ዙሪያ ያለው ደጋ የበልግ አብቃይ ነው። ዝናቡ የሚሰጠው የመዝሪያ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ማዳበሪያውና ዘሩ በጊዜው ካልደረሰ ገበሬው ወይ ያለ ማዳበሪያ ይዘራል፣ ወይ መሬቱን ጦም ያሳድራል። አንድ መቶ ኩንታል የጫነ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ሦስት ቀን ሲውል የሚዘገየው የሹፌሩ አበል ብቻ አይደለም። በመመለሻውም ቢሆን ከሸዋ ሮቢት ተጭኖ የወጣ ሽንኩርት ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን አይጠብቅም።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ጉዳይ የሰው ሕይወት ነው፤ ወደዚህ ነጥብ ቆይቶ ይመጣል።

መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። ጣርማ በር ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ የጫነ መኪና በሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከሙቀት ወደ ውርጭና ጉም፣ ከወፍራም አየር ወደ ስስ አየር ይገባል። በኢትዮጵያ ዋና ዋና መንገዶች ላይ ሞተርን እንዲህ የሚፈትን ቦታ ጥቂት ነው። ዋሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሲሠራ፣ በዚህ ዳገት የወጡት የናፍጣ መኪኖች እነ ፊያት 634 ነበሩ፤ ትሬንታ ኳትሮ የሚባሉት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1952 ማምረት የጀመረው 682 መጣ፤ የዚሁ ዘር የሆነው ኤንትሬ የሀገሪቱን እህልና ጨው ለብዙ ዓመታት ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼም የፊያትን፣ ኋላም የኢቬኮን የጭነት መኪኖች አዲስ አበባ ላይ ሲገጣጥም ኖሯል። የጋራዡ ቋንቋ ራሱ የዚያ ታሪክ ልጅ ነው። ፎሌ፣ ሚኒሞ፣ ፖምፓ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ሲባል ጣሊያንኛ መሆኑን የሚያስብ የለም። አይሱዙም ቢመጣ ስሞቹን አልለወጣቸውም።

አሁን ወደ ሕመሙ እንሂድ። በተደጋጋሚ የሚነገረው አቤቱታ እንዲህ ነው። መኪናው ሸዋ ሮቢት ላይ ሚኒሞው ደህና ነው። ዳገቱን ግማሽ ያህል ከወጣ በኋላ ጉልበቱ ይወርዳል። ጣርማ በር ደርሶ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ሞተሩ ካቢናውን እያራገፈ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ሲነሳ ግን ምንም እንዳልነበረ ይሠራል። ሹፌሩ «አየሩ ሳስቶበት ነው» ይላል፤ ረዳቱም ይስማማል፤ መኪናው ደብረ ብርሃን ደርሶ ጭነቱን ያራግፋል፤ ነገሩ እስከሚቀጥለው ጉዞ ይረሳል።

«አየሩ ሳስቶ ነው» የሚለው አባባል ግማሹ እውነት ነው። ጣርማ በር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ከሸዋ ሮቢት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ጥቁር ጭስ የሚያወጣውና ጉልበት የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፖምፓው ለወፍራም አየር የተለካ ናፍጣ ይረጫል፣ አየሩ ግን አይበቃውም። ነገር ግን ሚኒሞ ላይ ሁኔታው የተለየ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን እየቆነጠረ አይወስድም፤ በእያንዳንዱ ምት ሙሉ አየር ይስባል። ሚኒሞ ላይ የሚረጨው ናፍጣ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በጣርማ በርም ቢሆን ሚኒሞ ላይ አየሩ ተርፎ ይጣላል እንጂ አያንስም። ጤነኛ ሞተር በዚያ ከፍታ ላይ ሚኒሞ አይጠፋም። የጠፋ እንደሆነ ከፍታው ያጋለጠው ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው።

በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከታንኩ እስከ ትንሿ መጋቢ ፖምፓ ባለው መሥመር ላይ ነው። ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማል። መጋቢዋ ፖምፓ ናፍጣውን «ትስበዋለች» ሲባል፣ በእርግጥ የሚሆነው እርሷ ክፍተት ትፈጥራለች፣ በታንኩ ውስጥ ያለውን ናፍጣ ወደዚያ ክፍተት የሚገፋው ግን የውጭው አየር ነው። የውጭው አየር በአንድ አምስተኛ ሲደክም የሚገፋው ኃይልም በዚያው መጠን ይደክማል። ማጥለያው በከፊል የተደፈነ፣ ቱቦው ከውስጥ የተላጠ ወይም የታጠፈ መኪና፣ ሸዋ ሮቢት ላይ እንደ ምንም ናፍጣውን ያደርሳል፤ ጣርማ በር ላይ ግን ያቺ ትንሽ ትርፍ ኃይል አትኖርም። በዚህ ላይ ዳገቱ አለ። መኪናው አፍንጫውን ሽቅብ ሲያቀና ከሞተሩ ኋላ ያለው ታንክ ከፖምፓው አንጻር ይበልጥ ዝቅ ይላል። በታንኩ ውስጥ ያለው ናፍጣም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ታንኩ ወደ ሩብ ከወረደና መሳቢያው ቱቦ በፊተኛው በኩል ከሆነ፣ በናፍጣው ፈንታ አየር ይገባል። «ሙሉ ታንክ ስንሞላ አይጠፋም» የሚል ሹፌር ካለ ግማሹን ምርመራ ሠርቶላችኋል።

ሩብ ሰዓት ቆሞ የሚነሳው ነገርስ? እዚህ ላይ ሁለት ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው በታንኩ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር ነው፤ ቁራጭ ጨርቅ፣ የፌስታል ብጣሽ፣ ወይም ከታንኩ ግድግዳ የተላጠ ዝገትና ዝቃጭ። ሞተሩ ሲሠራ ወደ መሳቢያው አፍ ይሳባል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቀቅና ይወርዳል። ናፍጣ ከበርሜል በጣሳና በጨርቅ ማጥለያ የሚቀዳበት ቦታ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለተኛው የታንኩ ክዳን ነው። ክዳኑ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው በአቧራና በጭቃ ሲደፈን ናፍጣው በወጣ ቁጥር ታንኩ ውስጥ አየር እየተመጠጠ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ፖምፓዋ ታሸንፋለች ወይ ትሸነፋለች። ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ክዳኑ ሲከፈት «ፉስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ በሽታው እርሱ ነው። መድኃኒቱ ስፒልና ሁለት ደቂቃ ነው። በዚህ ቀዳዳ ምክንያት ዋና ፖምፓ ወርዶ አዲስ አበባ ድረስ የተላከበት ጊዜ ቢቆጠር ቁጥሩ አያስደስትም።

የአየር መግባትን በተመለከተ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሰው ሁሉ የሚፈልገው የሚንጠባጠብ ናፍጣ ነው። ነገር ግን ከታንክ እስከ መጋቢዋ ፖምፓ ያለው መሥመር የመሳቢያ መሥመር ስለሆነ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ብሎን ናፍጣ ወደ ውጭ አያወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ። ስለዚህ በሽተኛው ቦታ ደረቅ ሆኖ ይታያል። ምልክቱ ሌላ ነው፤ መኪናው ካደረ በኋላ ናፍጣው ወደ ታንኩ ተመልሶ ይወርዳል፣ ጠዋት ሞተሩ በቱቦ ውስጥ በቀረው ናፍጣ ይነሳል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ሠርቶ እየተንገዳገደ ይጠፋል። ይህን በዓይን ለማየት ከመጋቢዋ ፖምፓ መግቢያ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል፣ ናፍጣ የማይበላው ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በጊዜያዊነት ማስገባት ነው። ሞተሩ ሲሠራ በዚያ ቱቦ ውስጥ አረፋ ሲያልፍ ከታየ ከዚያ ቦታ ወደ ታንኩ እያሉ አንድ በአንድ መፈተሽ ይገባል። የመዳብ ሮንዴላዎች አንዴ ከተጠቀጠቁ በኋላ ተመልሰው አይገጥሙም፤ ሁለት ብር ለመቆጠብ አሮጌውን መመለስ ለዚህ በሽታ በር መክፈት ነው።

ከሁሉም ምርመራዎች ግን የሚልቀው የጀሪካን ምርመራ ነው። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ንጹሕ ጀሪካን፣ ንጹሕ ናፍጣ፣ ሁለት ሜትር ቱቦና ሁለት ማሰሪያ። ከታንክ የሚመጣው ቱቦ ከመጋቢዋ ፖምፓ ላይ ይፈታል፣ በምትኩ የጀሪካኑ ቱቦ ይገባል፣ ጀሪካኑም ከፖምፓው ከፍ ብሎ፣ ከማርሚታውና ከጋለ ብረት ርቆ ይታሰራል። አየሩ ከወጣ በኋላ ሞተሩ ይነሳል። ሚኒሞው ከተስተካከለና ሳይጠፋ ግማሽ ሰዓት ከቆየ፣ በሽታው ከታንክ እስከ መጋቢዋ ፖምፓ ባለው መሥመር ላይ ነው፤ ኖዝልና ዋናው ፖምፓ አይነኩም። መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ደግሞ ታንኩንና መሥመሩን ትቶ ወደ ሞተሩ መሄድ ይቻላል። ይህ ሥራ ሙግቱን ሁሉ ለሁለት ይከፍለዋል። በየጋራዡ ለምን እንደማይዘወተር ግልጽ አይደለም፤ ምናልባት ቀላል ስለሆነ ይሆናል።

ከመጋቢዋ ፖምፓ በኋላ ፊልትሮው አለ። ስለ ፊልትሮ ብዙ ተብሏልና አይደገምም፤ በጊዜው መለወጥ ነው። የሚረሳው ከእርሱ በፊት በመጋቢዋ ፖምፓ ሥር ያለችው ትንሽ የወንፊት ማጥለያ ናት፤ ዓመታት አልፎ ሲከፈት በጥቁር ጭቃ ተሞልታ የምትገኘው እርሷ ናት። የፊልትሮው ማስወገጃ ቡሽ በየጊዜው ተከፍቶ ውኃው መውጣት አለበት። ውኃ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግማሹ ባዶ የሆነ ታንክ አድሮ ቢታይ መልሱ ይገኛል፤ ባዶው ቦታ ላይ ያለው እርጥበት ቀዝቅዞ በግድግዳው ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ጤዛውም ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ታንክ መሙላት ያለበት ጠዋት ሳይሆን ማታ ነው። በርሜል የተቀዳም ከሆነ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይረፍ፤ የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር ወደ መኪና አትገባም። በነጭ ጋዝ የተቀላቀለ ናፍጣ ደግሞ ዋጋው ረክሶ ቢገኝ እንኳ አይወሰድ። ናፍጣ ለፖምፓውና ለኖዝሉ ማለስለሻ ዘይታቸው ነው፤ ነጭ ጋዝ ያንን ቅባትነት ይቀንሳል፣ በሺህኛ ሚሊ ሜትር የተለኩ ብረቶችም እርስ በርሳቸው ይበላላሉ።

መሥመሩ በተከፈተ ቁጥር አየር ማስወጣት ግድ ነው። በእጅ የምትገፋዋን ፖምፓ እየገፉ፣ መጀመሪያ የፊልትሮውን አየር ማስወጫ ብሎን ማላላት፣ አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍጣ እየፈሰሰ ሳለ ማጥበቅ፤ ቀጥሎ የዋናውን ፖምፓ ብሎን እንዲሁ ማድረግ። ከዚያም አልነሳ ካለ ሁለት ኖዝሎች ላይ ያለውን ማሰሪያ ላላ አድርጎ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ባትሪ እስኪሞት ድረስ ሞተሪኖ ማዞር ግን ሞተሪኖውን ከማቃጠል ሌላ ጥቅም የለውም።

የጀሪካኑ ምርመራ «በሽታው ከሞተሩ ወዲህ ነው» ካለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ «አንዱ ሲሊንደር ነው ወይስ ሁሉም?» የሚል ነው። አንዱ ብቻ ሲታመም ሞተሩ በእኩል ጊዜ ልዩነት «ድግ፣ ድግ» እያለ ያነክሳል። ሁሉም ሲታመሙ ወይም የፖምፓው ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሲበላ ደግሞ ሚኒሞው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። አንካሳውን ለማግኘት፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ፣ ከፖምፓ ወደ ኖዝል የሚሄደው የብረት ቱቦ ማሰሪያ በኖዝሉ በኩል ተራ በተራ በትንሹ ይላላል። የጤነኛው ሲሊንደር ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፣ ይወርዳል። ቢላላም ባይላላም ለውጥ የሌለው ሲሊንደር ታማሚው እርሱ ነው። ይህን ሲሠሩ እጅ ከሚወጣው ናፍጣ ፊት አይደቀንም፤ ዓይንም ይጋረዳል። ኖዝል የሚከፈተው ከ150 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ እንዲህ ያለ ጠብታ ቆዳ በስቶ ይገባል። በመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቁስል ናት ተብላ የምትናቅ ናፍጣ እጅ እስከ ማስቆረጥ ትደርሳለች። የደረሰበት ሰው ሕመሙን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ታማሚው ከታወቀ በኋላ ኖዝሉን ከጎረቤቱ ጋር ማለዋወጥ ነው። ሕመሙ ከኖዝሉ ጋር ወደ ጎረቤት ከተዛወረ ኖዝል ነው፤ ይታጠባል፣ ይለካል፣ ወይም ጫፉ ይለወጣል። ሕመሙ በቦታው ከቀረ ደግሞ ወይ የዚያ ሲሊንደር የፖምፓ ክፍል ነው፣ ወይ ኮምፕሬሽን ነው። ከኮምፕሬሽን ውስጥ ርካሹ የቫልቭ ልክ ነው። ልኩ የጠበበ ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ አየሩ እየሾለከ ሲሊንደሩ ያነክሳል። ይህ በግማሽ ቀን ሥራ የሚስተካከል ነው። ፋሻና ፒስተን ላይ የሚደረሰው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ጭሱንም ማንበብ ያስፈልጋል። ሚኒሞ ላይ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍጣ ነው። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የኮምፕሬሽን መድከም ምልክት ነው፤ ከፍታው እዚህ ላይ በእርግጥ ተሳታፊ ነው፣ ስስ አየር ሲታመቅ የሚሰጠው ግፊት ያንሳልና። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውኃ የሚቀንስ ከሆነ የቴስታታው ጉዋርኒሲዮን ይጠረጠራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ሚኒሞ ላይ ከታየ፣ ዳገት ላይ ሳይሆን ቆሞ ማለት ነው፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ወይም የአየር ፊልትሮ ይፈተሻል።

በዚህ መንገድ ላይ በተለየ ሁኔታ የሚያጋጥም ሌላ ጥፋተኛ አለ፤ የሞተር ፍሬን ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሹፌር የሞተር ፍሬኑን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠቀም ይወርዳል። ፍሬኑ የሚሠራው በጭስ መውጫው ላይ ያለውን ክዳን በመዝጋት ነው፤ በብዙ መኪኖችም በዚያው ቅጽበት የፖምፓውን ማጥፊያ ዘንግ ይስባል። ክዳኑ በጥላሸት ተይዞ ግማሽ ዝግ ሆኖ ከቀረ ሞተሩ የራሱን ጭስ መልሶ ይውጣል። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ደግሞ ናፍጣው ይቆነጠራል። ሁለቱም ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጥና መጥፋት ያመጣሉ፤ ሁለቱም የፖምፓ በሽታ መስለው ይታያሉ። ዘንጉን በእጅ ወደ ቦታው ገፋ አድርጎ ማየት ብቻ ይበቃል። «ስወጣ ደህና ነው፣ ከወረድኩ በኋላ ነው የሚጠፋብኝ» የሚል ሹፌር ከመጣ ከሁሉ በፊት የሚታየው ይህ ነው።

ዋናው ፖምፓ የሚጠረጠረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። የተበላ ፖምፓ ምልክት አለው። ናፍጣው ቀዝቃዛና ወፍራም ሳለ ሚኒሞው ደህና ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሲግል ናፍጣው ይቀጥናል፣ በተበሉት ብረቶች መካከል ይሾልካል፣ ሚኒሞው ይወርድና ይጠፋል፣ በግለቱ ሳለም አልነሳ ይላል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እርጥብ ጨርቅ በፖምፓው ላይ ጣል ተደርጎ ከቀዘቀዘ በኋላ ወዲያው ከተነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በሚሠራ ትኩስ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ግን ፖምፓውን ሊያነክሰው ይችላልና አይደረግም። ከዋናው ፖምፓ ናፍጣ የሚመለስባት ትንሿ ቫልቭም ስፕሪንጓ ሲደክም በፖምፓው ውስጥ የሚያስፈልገው ግፊት ይጠፋል፤ እርሷን መለወጥ ሙሉ ፖምፓ ከማስለካት በእጅጉ ይረክሳል። ፖምፓው መውረዱ ካልቀረ ደግሞ በመለኪያ ማሽን ላይ እንጂ በጆሮ አይለካም። የታሸገ ብሎኑን በመንገድ ዳር መፍታት፣ «ጉልበት ጨምርለት» ብሎ ማስከፈት፣ ለጣርማ በር ዳገት ጥቁር ጭስና የተቃጠለ ፒስተን መግዛት ነው።

አሁን ወደ ሰው ሕይወት እንመለስ። ሚኒሞው የታመመ መኪና የያዘ ሹፌር ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ የሚኒሞውን ብሎን አስጠብቆ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ሞተሩ አይጠፋም፣ በሽታው ግን አለ፤ ናፍጣው ይባክናል፣ ማርሽ ሲገባ ካምቢዮው ይንገጫገጫል፣ ፍሪሲዮኑም ያልቃል። እንዲያውም በሽታው ሲብስ ማንም አያየውም። ሁለተኛው የከፋ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ናፍጣ ለመቆጠብ በፎሌ የመውረድ ልማድ አለ። ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ናፍጣ ቢቋረጥበትም እንኳ ጎማው ያዞረዋል፤ መኪናውን ይይዛል፣ የአየር ኮምፕሬሰሩም መሙላቱን አያቆምም። በፎሌ የሚወርድ መኪና ግን የሚኖረው በሚኒሞ ብቻ ነው። ሚኒሞው የታመመ ሞተር በዚያች ሰዓት ሲጠፋ መኪናውን የሚይዝ የሞተር ኃይል የለም፣ የፍሬን አየር የሚሞላ የለም፣ ሄርቮ ያለው መሪም ይጠጥራል። ሹፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር በጋኑ ውስጥ የቀረውን አየር ይጨርሳል። መቶ ኩንታል ተሸክሞ፣ ጉም ውስጥ፣ በዚያ ኩርባ ላይ። በፎሌ መውረድ ደህና ሞተር ላለውም የተከለከለ ነው፤ ሚኒሞው ለሚጠፋበት መኪና ግን ስሙ ሌላ ነው።

ሽቅብ ሲሄድ የጠፋ መኪናም የራሱ ሥርዓት አለው። ረዳቱ በመጀመሪያ ድንጋይ ለኋላ ጎማ ያስደግፋል፣ ከዚያም ምልክቱን ከመኪናው ራቅ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ጉም ካለ ይበልጥ ይርቃል። ድንጋዩ ከመንገድ ላይ ሳይነሳ መሄድ ለሚመጣው ሰው ወጥመድ መተው ስለሆነ እሱም ይነሳል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለውና ጠባብ ነው። ስለሆነም ሞተሩ ዳገቱ ላይ መንቀጥቀጥ የጀመረ መኪና ወደ ዋሻው ከመግባቱ በፊት ሰፊ ቦታ ላይ ጥግ ይዞ መቆም አለበት። ሁለት መቶ ሜትር ይቀራል ብሎ መግባት ከኋላ የሚመጡትን ሁሉ ከነጭሳቸው ዋሻ ውስጥ ማሰር ነው።

ለዩኒየኑና ለአባል ማኅበራት የሚቀርበው ሐሳብ ብዙ በጀት አይጠይቅም። በየመኪናው ካቢና ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ሹፌሩ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ወይስ ትኩስ እንደነበር፣ ታንኩ ምን ያህል እንደነበረው፣ የጭሱን ቀለምና ስንት ደቂቃ ቆሞ እንደተነሳ ይጻፍ። መካኒክ «ይጠፋል» ከሚል ቃል ይልቅ «ጣርማ በር፣ 9 ሰዓት፣ ትኩስ፣ ሩብ ታንክ፣ ጭስ የለም፣ 15 ደቂቃ» የሚል መሥመር ቢያገኝ ሥራው ግማሽ ያልቃል። ከደብተሩ ጋር አንድ ፊልትሮ፣ የተለያየ ልክ ያላቸው የመዳብ ሮንዴላዎች፣ ጥቂት ማሰሪያዎች፣ ሁለት ሜትር የናፍጣ ቱቦና ንጹሕ ጀሪካን ይቀመጡ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ቀን የመኪና መቆም ኪሳራን አይሞላም። ማዳበሪያ ማጓጓዝ ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ታንኮቹ ወርደው ይታጠቡ። ጊዜው ከደረሰ በኋላ ታንክ የሚያወርድ ጋራዥም፣ የሚታገሥ ገበሬም አይገኝም።

በመጨረሻ ለጋራዥ ሠራተኞች አንድ ማሳሰቢያ አለ። እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ የሚሠራው በሜካኒካል ፖምፓ ለሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች ነው። በኋላ ዘመን የመጡት፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙት ኮመንሬል ሞተሮች ከአንድ ሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት ይሠራሉ። በእነዚህ ላይ ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦ ማሰሪያ አይላላም፣ በቁልፍም አይነካም። ከታንክ እስከ መጋቢዋ ፖምፓ ያለው ግን በእነርሱም ላይ ያው ነው፤ ክዳኑ ይደፈናል፣ ቱቦው አየር ያስገባል፣ ፌስታል ማጥለያው ላይ ይለጠፋል። ምርመራው ከዚያ ይጀመር።